የአንሶላው ጫፍ

ትኩስ ካውያ እርጥብ ጥጥ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ሲሸታቸው፣ ተኳሿ ያ የወጣትነት ጉልበታቸው ተመልሶ የመጣ ይመስላቸዋል። በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው፣ ፀጉራቸው እስኪሸብት የሕሙማንን አንሶላ ሲተኩሱ ኖረዋል። ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው፣ «ተኳሽ ነኝ፤ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልወደቀብኝም» እያሉ ይስቁ ነበር። ስሙም በዚያው ተጣብቆባቸው ቀረ።

ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲሰለቻቸው፣ ኦቲዝምና ሌላም ተደራራቢ ችግር ያለባቸው ወጣቶች በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ያውም ግማሽ ቀን ብቻ እየመጡ የሚማሩበት ማዕከል ውስጥ ሥራ ሊያለማምዱ ገቡ። የመደበኛ ትምህርት ቤት ደወልና ግፊያ ያልሆነላቸው ልጆች ናቸው። አንዱ ጓሮ ይኮተኩታል፤ ሌላዋ ዶቃ ትሰካለች። ተኳሿ ዘንድ ደግሞ ከጎረቤት የእንግዳ ማረፊያ የሚመጣ አንሶላ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል።

አንድ ጠዋት የማዕከሉ ኃላፊ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከነእናቷ ይዛ መጣች። ልጅቱ እምብዛም አትናገርም። እስካሁን የገባችበት ትምህርት ቤት ሁሉ «አልቻልናትም» ብሎ መልሷታል። እናቷ ከዓይኗ ከተሰወረች እጇን እስኪደማ ትነክሳለች።

እናትየዋ ደግሞ ስንብት አታውቅበትም። በሩ ላይ ቆማ ትስማታለች፤ ወጣች ሲሏት «ጃንጥላዬን ረሳሁ» ብላ ትመለሳለች፤ እንደገና ትስማታለች፤ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ይሄኔ ልጅቱ እሪ ትላለች። እናትየዋም «አዩ እትዬ? አልሆነላትም» ብላ፣ ክፍሉ ጥግ ልጇን ስትጠብቅ ወደምትውልበት ወንበር ትመለሳለች።

«አንቺ ሴት፣ ስንብትሽ እኮ ባሕር ማዶ የምትሻገሪ ነው የሚመስለው! እዚህ ዳቦ ቤት ሥራሽ ደርሰሽ ለመመለስ?» አሏት ተኳሿ።

«ምን ላድርግ እትዬ? ዝም ብዬ ብወጣ ጥላኝ ሄደች ብትልስ?»

ተኳሿ በነገሩ ብዙም ሳያስቡ፣ ልጅቱ ወደ መስኮቱ ስትዞር ሹልክ እንድትል መከሯት። ባይመክሯት ይሻል ነበር። ልጅቱ ዘወር ስትል ወንበሩን ባዶ አገኘችው። የታጠፈውን አንሶላ ሁሉ ከጠረጴዛው ጠራርጋ ጣለችና ጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ እናቷ ተጠርታ እስክትመጣ ድረስ ስትጮህ ቆየች።

በማግስቱ ኃላፊዋ ተኳሿን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። «እትዬ፣ ከሚመጣው መንፈቅ ጀምሮ ወላጅ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይችልም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሌሎቹም ይረበሻሉ። እስከዚያ ብቻዋን መሆን ካልለመደች ቦታዋን ለሌላ ልጅ መስጠቴ ነው። እኔንም ሆዴን ይበላኛል፤ ግን ምን ይደረግ?»

ተኳሿ ያን ዕለት ካውያው ሲቀዘቅዝ እንኳ ልብ አላሉም። ልጅቱ ከዚህ ከተመለሰች የሚቀራት ቤቷ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ቀን አንሶላ አብራቸው የምታጥፈው አጋዣቸው ቀረች። አንሶላ ደግሞ ያለ ሁለት ሰው አይታጠፍም። ተኳሿ እናትየዋን አይተው «ወንበር ከምታሞቂ ተነሺና ጫፍ ያዢ!» አሏት። ሌላውን ጫፍ ለልጅቱ አስያዟትና፣ በሆስፒታሉ ዘመን ከሥራ ባልንጀራቸው ጋር ያደርጉት እንደነበረው ማዘዝ ጀመሩ።

«ራቂ!»

እናትየዋ ወደ ኋላዋ ሄደች። የልጅቱ ፊት ዳመነ።

«ሳቢ!»

ጨርቁ ተወጠረ። እናቷ ስትስብ ልጅቱ በመዳፏ ተሰማት። እሷም ሳበች።

«ነይ!»

እናትየዋ ጫፏን ይዛ መጣች፤ ጣቶቻቸው ተገናኙ። ልጅቱ ጫፉን ተቀብላ አሸተተችውና ሳቀች።

«ስትስቅ አየኋት ልበል?» አሉ ተኳሿ።

«ኧረ ዝም ይበሉ እትዬ፣ ሳቋን እንዳያባርሩት!»

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ገና ስትገባ አንሶላ ትጎትታለች። ትእዛዙንም ከተኳሿ ነጥቃ ራሷ ትሰጠው ጀመር። የእንግዳ ማረፊያው የአዳራሽ መጋረጃ ሲመጣ ደግሞ፣ ርዝመቱ ክፍሉን አልፎ ስለሄደ እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ መቆም ግድ ሆነባት። ከዓይን ተሰወረች። ልጅቱ ባዶውን በር አየች፤ መጋረጃውን ሳብ አደረገች፤ ከወዲያ በኩልም ተሳበላት። እጇን ወደ አፏ አላነሳችም።

የመንፈቁ መጨረሻ ቀን ደረሰ። እናትና ልጅ የመጀመሪያውን አንሶላ አጠፉ። ሁለተኛው ተዘርግቶ ሳለ ተኳሿ ወደ እናትየዋ ጠጋ አሉ።

«ጫፉን ስጪኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። እያየችሽ ስጪኝ። መደበቅ የለም።»

እናትየዋ ጫፉን አቀበለቻቸው። ልጅቱ እናቷን አየች፣ የተኳሿን እጅ አየች፣ ጨርቁን አየች። እናትየዋ በሩ ላይ ደርሳ ለስሞሽ ከንፈሯን እንዳዘጋጀች ቆማ ቀረች።

«ራቂ!» አለች ልጅቱ ተኳሿን።

«ማንን ነው የምታዢው አንቺ? እኔ እኮ ከአያትሽ እበልጣለሁ!» እያሉ ተኳሿ ወደ ኋላቸው ሄዱ።

«ሳቢ!»

ሳቡ። ጨርቁ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ልጅቱ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አልነቀለችም።

እናትየዋ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ጃንጥላዋንም ብብቷ ሥር ሸጎጠችና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።