አውድማ የተከለከለ ልጅ

የምሠራበት ቤተ ሙከራ ከአገሬ እጅግ ሩቅ፣ የዓመቱን እኩሌታ በረዶ በማይለቀው ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ በሕዋስ ውስጥ ተወልዶ ያገኘውን ስለሚያቃጥል ኦክስጅን። የምንተነፍሰው አየር በሕዋሳችን ውስጥ ወዳሉት ሚቶኮንድሪያ ወደሚባሉት ትንንሽ ምድጃዎች ይገባል፤ የበላነው ምግብ ጉልበት የሚሆነው እዚያ ነው። ከምድጃው ግን ፍንጣሪ ያመልጣል። ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ጉድለቱን ለመሙላት ካጠገቡ የሚነጥቅ ፍንጣሪ ነው፤ ነጻ ራዲካል ይሉታል። ባልደረቦቼ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ለማጥፋት ነው። በከተማው ፋርማሲ መስኮትም ይህንኑ ያጠፋሉ የተባሉ እንክብሎች በያይነቱ ተደርድረዋል፤ ቆዳ እንዳይሸበሸብ፣ እርጅና እንዲዘገይ። በዚያ በኩል ሳልፍ ንዴት እንዳይይዘኝ አማትባለሁ። አንዳንድ ቀን ማማተቡም አይበቃኝ።

የእህቴ ልጅ ያጣው ይህንኑ እሳት ነዋ።

ነጭ የደም ሕዋስ ጀርም ሲያገኝ ይውጠዋል። መዋጥ ብቻውን አይገድልም፤ ሕዋሱ ሆነ ብሎ ያንን የሚያቃጥል ኦክስጅን ያመርትና በውስጡ ያነድበታል። የእህቴ ልጅ ሕዋሶች መዋጥ ያውቃሉ፣ ማንደድ አያውቁም። የዋጡት ጀርም ሆዳቸው ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል፤ ከዚያ እብጠት፣ ከዚያ መግል።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የማውቀው የታናሽ እህቴን ድምፅ ነበር። መንዝ ውስጥ ከዘመሮ ከተማ ወዲያ ማዶ፣ ገብስ አራሽ አግብታ ትኖራለች፤ ያኔ ሞባይል ወደኛ አገር ገና ስላልገባ ለመደወል እስከ ዘመሮ ትወጣ ነበር።

«እትዬ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ወጣበት።»

«ያ መግሉ የታጠበለት አልዳነም?»

«እሱማ ድኗል። ይኼ በወዲያኛው በኩል ነው።»

አንገቱ ሲድን ብብቱ፣ ብብቱ ሲድን ጉበቱ። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ጨረሰ፤ እንደገና ጀመረ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ተደረገለት፤ የለበትም ተባለ። «የለበትም» የሚለው ወሬ ግን «ተመረመረ» እንደሚለው በመንደር አይሮጥም፤ እህቴ ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር።

እኔ በዚያ ሰሞን የሰው ነጭ ደም መስታወት ላይ እያሳረፍኩ፣ ቢጫ ቀለም እየጨመርኩ፣ ሕዋሱ ኦክስጅኑን ሲያነድ ቀለሙ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ እመለከት ነበር። አንድ ቀን አጉሊ መነጽሩ ላይ እንዳቀረቀርኩ ልጁ ትዝ አለኝ። ሁለቱ ወንድሞቻችንም ገና ሳይጠነክሩ የሄዱት በእብጠትና በመግል ነበር። እናታችንን አገሩ ሾተላይ አለባት ይላት ነበር፤ ወንድ ልጅ አይጸናላትም። ስንት ሥር ቀቅላ ጠጥታለች፣ ስንት ክታብ አንገቷ ላይ አስራለች፤ ነፍሷን ይማር።

የልጁን ደም ወደኔ ማስመጣት አይቻልም፤ ሕዋሱ መንገድ ላይ ይሞታል። ጠይቄ በደረስኩበት ሁሉ ቀለሙ አገር ውስጥ አልተገኘም። ምርመራው ለእኔ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚያልቅ ሥራ ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በመስቀል ማግሥት ፈቃድ ወስጄ፣ ከአለቃዬ የተፈቀደልኝን ጥቂት የቀለሙን ቢጫ ዱቄት በትንሽ ጠርሙስ ይዤ መንዝ መጣሁ።

የዘመሮ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሠራተኛው ጨዋታ አዋቂ ወጣት። እህቴና ልጁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይኼ ደግሞ የምን ምርመራ ነው?» አለኝ ሠራተኛው። «ቲቢውን አይቼለታለሁ፣ ወባውን አይቼለታለሁ። ወባ በዚህ ብርድ ምን ልትሠራ ትመጣለች እያልኩ አይቼለታለሁ።»

ከልጁ ጣት፣ ከእኔም ለማነጻጸሪያ፣ ደም በመስታወት ላይ ጠብ አደረግን፤ ቀለሙንም ጨመርንበት። ገና ስንጀምር መብራት ጠፋ። መስታወቶቹ በሰውነት ሙቀት ልክ መቆየት አለባቸው፤ ያለዚያ ሁሉም ከንቱ ነው። ግራ ሲገባኝ አይቶ ሣቀ።

«ታቀፊያቸዋ! ዶሮ እንኳ መብራት አትጠይቅም።»

መስታወቶቹን እርጥብ ፋሻ ላይ የደረደርኩበትን ሳህን ከነክዳኑ ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ልጁ እያየኝ «አክስቴ፣ ሲፈለፈሉ ለኔም አንድ ትሰጪኛለሽ?» አለ። እህቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሣቀችው ያኔ ነው።

ደጅ ወጥተን የአጉሊ መነጽሩን ብርሃን መቀበያ መስተዋት ወደ ፀሐይ አዞርን። የልጁን መስታወት ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድ እንኳ ሰማያዊ የለም። ሕዋሶቹ ባዶ ቤት ይመስላሉ። ከዚያ የእኔን አየሁ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አጠገቡ ያለው ባዶ፤ ደግሞ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ባዶ። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

«እስቲ የአንተን ስጠኝ» አልኩት።

«የኔን? ከቅዳሜ ገበያ ጠላ በቀር ምንም አይገኝበት» አለና ጣቱን ወጋ።

ደግሜ ታቀፍኩ። የእሱ ሕዋሶች በሙሉ ሰማያዊ ሆኑ። የእህቴን አየሁ፤ እንደ እኔ፣ ግማሽ በግማሽ። ቀለሙ ምንም አልሆነም።

ምን ማለት እንደሆነ በሥራዬ አውቀዋለሁ። ጉድለቱ በእናት በኩል ይወርዳል፤ ሴቶቹ ግማሹን ይዘው በጤና ይኖራሉ፣ ወንዶቹ ሲወርሱት ይታመማሉ። እህቴ ፊቴን አይታ «ምንድነው?» አለች። ነገርኳት። «እንግዲያ እማዬ ሾተላይ አልነበረባትም» አለች። እኔ ደግሞ በማን እንደምናደድ አጣሁ። እናቴ ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው፤ ያሟት የነበሩትም አብዛኞቹ ሞተዋል።

ልጁን ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ ቆረጥን፤ ክኒን በየቀኑ፣ ሳያቋርጥ፣ ዕድሜ ልኩን መዋጥ አለበት። ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሰዎችን ማሳመን ነበረብኝ። የፈራሁት የነፍስ አባታችንን ነው። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት እንዲያቆም የሚያዙ ብዙ ናቸው፤ እኔም ጠበሉን እንዲተው አልፈልግም፣ ያደግሁበት ነው። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ።

አባ ሰምተውኝ ሲያበቁ «ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠው አንድ ነው» አሉ። «ጠዋት ጠበሉን ይጠጣ፣ ከዚያ ክኒኑን ይዋጥ። በጾምም ቢሆን። የሚነቅፋችሁ ካለ ወደኔ ይምጣ።»

የደረደርኩት ሁሉ ሳያስፈልግ ቀረ። ተሳልሜ ልነሣ ስል «ሌላ የሚከለከለው አለ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«ገለባ፣ አባ። ድርቆሽ። የጉድጓድ እህል። ሻጋታ ያለበት ሁሉ።»

አባ ቀና ብለው አዩኝ። «መንዝ ውስጥ?» አሉ።

የእህቴን ባል ጋጣው በር ላይ አገኘሁት። ከሰው ሁሉ በፊት ለልጁ የሚሞት አባት ነው። እኛ የሻጋታ ብናኝ ስንተነፍስ ነጭ ደማችን እንደሚያቃጥለው፣ በልጁ ሳንባ ግን ዘር እንደወደቀበት እርሻ እንደሚበቅል አስረዳሁት። በሚገባው ቋንቋ የነገርኩት መስሎኝ ነበር።

«ገለባ የገደለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላየሁም።»

«እኛ ገለባ ላይ ተወልደን፣ ገለባ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። የባዕድ አገር ብርድ ጭንቅላትሽን ነክቶታል፣ እትዬ!»

«ይነካው። ልጁ ግን አውድማ እንዳይወጣ፣ ጋጣ እንዳይገባ፣ ጭድ እንዳይነካ፣ ፍራሹም ገለባ እንዳይሆን።»

«እሺ፣ እሺ። ቤቱንም አጸዳለታለሁ። ብቻ አድኑልኝ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስላየሁት ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ መስታወቶቹን አይቶ የእኔኑ ቃል ደገመ። የበሽታው ስም አማርኛ የለውም። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸውም የሚወስዱትን ክኒን በየቀኑ እንዲውጥ አዘዘ፤ ለሻጋታው የሚሆነው ክኒን በቀላሉ ስለማይገኝ እኔ ከምኖርበት ልልክ ተስማማሁ። ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ፊቱ ጠራ። በአውቶቡስ ስንመለስ በመስኮት እየጮኸ በጎች ይቆጥር ነበር፤ እኔም እመቤቴን እያመሰገንኩ መጣሁ።

ኮረብታውን ስንወጣ የቤቱ ደጅ በሰው ተሞልቷል። አባቱ ደቦ ጠርቷል። ልጁ ድኖ ሲመጣ በአሮጌ ቤት አይገባም ብሎ፣ የድንጋዩን ቤት ከውስጥም ከውጭም በአዲስ ምርጊት አስመርጎታል። ጭቃው በጭድ ተረግጦ፣ እኛ ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ሲቦካ የሰነበተ ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል። በእርጥቡ ግድግዳ ላይ ጭዱ እንደ ፀጉር ይታያል። በየቤተ ሙከራው ሻጋታ ለማብቀል ብንደክም ከዚህ የተሻለ አናሰናዳም።

ልጁ «አባዬ!» ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። ጮኽኩ። ክንዱን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ውኃ በእንስራ ስታመላልስ የዋለችው ጎረቤት፣ ጭቃ ሲረግጡ የዋሉት ጎረምሶች፣ ሁሉም ቀጥ አሉ።

«ጭድ አልኩህ! ጭድ አታስነካው አላልኩህም?» አልኩት።

እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። «ጭድ የታለ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «ይኼ እኮ ግድግዳ ነው።»

ጣቴን አንሥቼ ላሳየው ፈልጌ ተውኩት። ለእሱ ጭድ ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ጭድ አይደለም። አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ ለልጃችሁ ደክመን?» አሉኝ። ለደከመ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የማይባልበት ቤት ውስጥ አላደግሁም፤ ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

ነገሩን የጨረሰችው እህቴ ናት። ነጠላዋን አጠፈችና ልጇን አዘለችው፤ ለመታዘል ትልቅ ነው፣ እግሩ ይንጠለጠላል።

«ግድግዳው እስኪደርቅ ዘመሮ ቤት እከራያለሁ» አለች። «ከደረቀም በኋላ፣ አውድማ በደረሰ ቁጥር ከልጄ ጋር ከተማ እከርማለሁ።»

«እኔስ?» አላት ባሏ።

«አንተማ ገብስህን ውቃ።»

እንዳለችው አደረገች። በመንዝ በልግም መኸርም አለ፤ ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ዕቃዋን ትሸከማለች። ባሏን ፈታች ተባለ፤ ከተማ ለመደች ተባለ፤ ክኒኑን ያየ ሁሉ ያሰበውን አሰበ። የማውቀው እኔ፣ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ። አንድ ጊዜ ሳልና ትኩሳት ይዞት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኛ፤ እኔም በረዶው አገር ተንበርክኬ ከረምኩ፤ ልጁ ተረፈልኝ። ተመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ቤተ ሙከራዬ ስገባ እጄ ደስ ብሎት አይሠራም።

በቀደም፣ በመኸሩ ሰሞን፣ ወደ እህቴ ሞባይል ደወልኩ። ያነሣው ባሏ ነው፤ ሊጠይቃቸው ዘመሮ ወጥቶ ነበር።

«ልጁ ረዝሟል» አለኝ። «አውድማ ላይ መንሽ የሚይዝ ክንድ አውጥቷል።»

«ተመስገን።»

«አባቴ ሲያበራይ በሬዎቹን የምነዳ እኔ ነበርኩ። የኔን የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ ወንድሜ።»

«አታውቂም። ልጄን ላየው ስመጣ ወንዝ ወርጄ እታጠባለሁ። ጸጉሬን ሳይቀር። ልብሴን ድንጋይ ላይ አራግፌ፣ ሌላ ለብሼ ነው በሩን የማንኳኳው። እንደ እንግዳ።»

እንዲታጠብ ያዘዘው ሰው አልነበረም። እኔ አላልኩትም፤ እህቴም እንዳላለችው ኋላ ነግራኛለች።

«ተባረክ» አልኩት።

«የሻጋታው ክኒን ሊያልቅ ነው። እንዳትዘገዪ» አለና ስልኩን ለእህቴ ሰጣት።