ያላየኋቸው ዓይኖች

የፀረ ተባይ ሽታ ነጭ ሽንኩርትም ነዳጅም ይመስላል፤ ልብስ ላይ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ ሊታከም መጥቶ ሸሚዙን ሳስወልቀው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ሐሳቤ ሸዋሮቢት፣ አባቴ ደጃፍ ደረሰ።

የሕክምና ትምህርቴ ሊያልቅ ነበር፤ የመጨረሻው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለማጥናት ቤት ገባሁ። የቀትሩ ሙቀት ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ እኔ ከማንጎው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ የነርቭ ሕመም ምልክቶችን ከነመንስኤዎቻቸው እሸመድድ ነበር። እግር የሚያሰንፈው ምንድን ነው? ፊት የሚያጣምመውስ? አባቴ እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ጥያቄዎቹን በቁርጥራጭ ወረቀት በአማርኛ ጻፍኩለት። ከሽንኩርት ማሳው ሲመለስ መነጽሩን ሰክቶ ይጠይቀኛል።

«የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ሲጠብ?»

«የአንጎል ግንድ ውስጥ ደም ሲፈስ፣ የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ሲበዛ፣ የፀረ ተባይ መርዝ።»

«ማሻአላህ!» ይላል። ትክክል መሆኑን በምን ያውቃል? ካልተደናቀፍኩ ለእሱ በቂው ነበር።

በዚያ ሳምንት ሽንኩርቱ ትል በዝቶበት ነበር። አባቴ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ ሦስት ቀን በተከታታይ ረጨ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላብ አጥምቆት መጣ። ራሱን እንደሚያመው፣ ሆዱን እንደሚቆርጠው፣ ወረቀቶቹ ላይ ያለው ፊደልም እንደደበዘዘበት ነገረኝ። አልደብቃችሁም፣ ከመጽሐፌ ቀና አላልኩም።

«ወባ ነው አባ። ጋደም በል፤ ነገ ጠዋት እናስመረምርሃለን።»

«እንግዲህ ሐኪሟ ካለች» ብሎ ገባ።

ዛሬ ተማሪዎቼን «መጀመሪያ ሰውየውን እዩት» ስላቸው የተለመደ ምክር ይመስላቸዋል።

ጀምበር ሳትጠልቅ እናቴ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፤ የክንዱ ጡንቻ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። የዓይኑን ሽፋን በጣቴ ገለጥኩት። ብሌኖቹ ጠብበው ነጥብ አክለዋል።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። «ልብሱን አውልቁ! ገላውን እጠቡት! ማርከሻውን፣ አትሮፒን ስጡት!» እያልኩ ጮህኩ። ተረኛዋ ነርስ ማንነቴን ባለማወቋ አመነታች። አባቴ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «ልጄ ሐኪም ናት... የምትላችሁን ስሟት» አለ።

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መድኃኒቱን ሰጠነው፤ ትንፋሹ ትንሽ ቀለለው። ደገምነው። እንደገና ስጠይቅ ነርሷ ባዶውን ካርቶን ገልብጣ አሳየችኝ።

«አለቀ፣ እህቴ።»

እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ፣ «አንቺ ታውቂው የለ! አድኚልኝ እንጂ!» ትላለች። አዎ፣ አውቀው ነበር።

አምቡላንሱ ወደ ደብረ ብርሃን ይዞን ወጣ። ዳገቱን ስንያያዘው ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ «አባ፣ አፉ በለኝ፤ አላየሁህም» አልኩት። ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ደብረ ሲና ስንቃረብ የደጋው ነፋስ በመስኮቱ ገባ። ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«መስኮቱን ዝጊው... ይበርድሻል።»

ዘጋሁት። ጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ እጁ አሁንም በእጄ ውስጥ ነበር፤ የልብ ምቱን መፈለግ ግን አቁሜ ነበር።