የመርከቧ መርዶ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2022፣ ብርዱ የገባ ሰሞን ነው። ለንደን፣ ክሮይደን ውስጥ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን አንዲት እንግሊዛዊት እንከባከባቸው ነበር። ሥራውን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው።

ከአልጋቸው ትይዩ የአንዲት የጃፓን መርከብ ፎቶ ተሰቅሏል። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ከሲንጋፖር ወደ ለንደን የመጡባት ናት። የመዋኛ ገንዳ ነበራት፤ ብርቱካን በአበባ ቅርጽ እየላጠ የሚያቀርብላቸው አስተናጋጅም። አባታቸው ግን «በሚቀጥለው ጉዞዋ እመጣለሁ» ብለው ለሥራ እዚያው ቀሩ።

የቀረውን የነገረኝ አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጃፓኖች መርከቧን ግራጫ ቀቧት። ወንበሮቿን አውጥተው ወታደር ጫኑባት፤ በኋላም ምርኮኛ። ሲንጋፖር ላይ የተማረኩት አባትየው ከታች፣ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ታጉረው ሳሉ፣ ምርኮኛ መያዟን ያላወቀ የራሳቸው ወገን ባሕር ሰርጓጅ መታት። መውጫው ከላይ ተቆልፎ ነበር።

አሮጊቷ ይህን ሁሉ ረስተዋል። ትዝ የሚላቸው አባታቸው የገቡላቸው ቃል ብቻ ነው።

«አባዬ ደረሰ?» ይላሉ።

ልጃቸው ከስልኩ ቀና ሳይል ይመልሳል። «ሞቷል፣ እማዬ። በዚችው መርከብ ሰጠመ። የመቷት ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው።»

እንደ አዲስ ይጮሃሉ። ሲደክማቸው ይረሳሉ። ደግመው ይጠይቃሉ፤ ደግሞ ይነግራቸዋል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «እኛ አገር የሞት ዜና እንዲህ አይነገርም» አልኩት።

«እንዴት ነው የሚነገረው?»

«በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገብ ተቀምጦ።»

ሳቀ። «አንቺ ጸሎተኛ ነሽ አይደል? ታዲያ እንድዋሻት ነው የምትፈልጊው? እንግዲያው ነገ አንቺ ንገሪያት። እኔም ልረፍ።»

የአባቴን መርዶ የነገሩኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። ሳይነጋ ብሪክስተን ቤቴ ድረስ መጥተው አብረውኝ አለቀሱ፤ አጉርሰውኝ ሄዱ። ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። በደንብ የተለቀሰ ኀዘን ከልብ ይወጣል ብዬ አምን ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ ጋር ሄድኩ። ግራና ቀኛቸው ተቀመጥን። እጃቸውን ይዤ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሦስታችንም አለቀስን። ከዚያ ሾርባ በማንኪያ ሰጠኋቸው። አፋቸውን ስጠርግላቸው ዓይናቸው ፎቶው ላይ አረፈ።

«አባዬ ደረሰ?»

ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። «ንገሪያት እንጂ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ገና አልደረሱም» አልኳቸው። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙሬ አብሬያቸው ጠበቅኩ።