የሌላ ሰው ጦም

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ፈረንጆች በሚኖሩበት ዘመን እኔ ገና ለጋ ልጃገረድ ነበርኩ። ጌታው የምላቸው ፈረንጅ በሥራ ቀን ለንጉሡ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ እሑድ እሑድ ወንጌል ያስተምራሉ። ሚስታቸውን እሜቴ እላቸው ነበር። ወላጆቼ በበሽታ ካለቁ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ኋላም አገሩን ለቀው ሲሄዱ ተከትያቸው ትምህርቴን ኢየሩሳሌም ጨረስኩ። ማተብሽን በጥሺ ብለውኝ አያውቁም። ስጦምም ዝም ይሉኝ ነበር፤ ዝም ያሉት ወደውት እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

እሜቴ ጸሎታቸው አጭር ነው። ተንበርክከው በአገራቸው ቋንቋ ጥቂት ቃል ይላሉ፤ ከዚያ ተነሥተው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። እግዚአብሔር የቀረውን በሥራ እንዲሰማቸው የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት በሁዳዴ ከወሎ በኩል ጦርና ረኀብ ያፈናቀለው ሕዝብ በጋሳይ መንገድ ወደ እኛ መጣ። የደከሙት ከኮረብታው ሥር ቀሩ። ጌታው ዳስ አስጣሉላቸው፤ እሜቴ አንድ ትልቅ የሸክላ ድስት ጥደው የገብስ አጥሚት ያፈሉላቸው ጀመር። እኔ አስተርጓሚም አዳይም ነበርኩ።

ከመካከላቸው ጡት የሚጠባ ወንድ ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረች። ባሏ መንገድ ላይ ሞቷል። ሆዷ ምንም አይዝላትም፤ አጥሚቱን ስትጠጣው ወዲያው ይወጣል። ጡቷ ነጥፎ ልጁ እየሳበ ያለቅሳል፤ ሲደክመው ይተወዋል። እሜቴ አዩአትና፣

«ወተት ካላገኘች ሁለቱም ይሞታሉ» አሉኝ።

አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችን። ወተቱን በቅል ይዤላት ሄድኩ። ሴትዮዋ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

«በሁዳዴ? አንቺ ልጅ፣ ማተብሽን ለጌጥ ነው ያሰርሽው?»

«ታመሻል እኮ፤ የታመመ ይፈታል።»

«የሚፈታኝ የንስሐ አባቴ ነው። እሱ በአገሬ ቀረ፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ባሌን ቀበርኩ፣ ቤቴ ተቃጠለ። የቀረኝ ይህ ጦም ነው፤ እሱንም ልትቀሙኝ ነው?»

ይህን ለእሜቴ ስነግራቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። በማግስቱ እኔ ውሃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ ከላሚቱ የታለበውን ሁሉ ድስቱ ውስጥ ገልብጠው ከአጥሚቱ ጋር አማሰሉት። ሰው ለማዳን አስበው ነው። ነገር ግን የአገራችንን ሰው አፍንጫ አላወቁትም። የመጀመሪያው ሰውዬ አንድ ጊዜ ፉት አለና ተፋው።

«ወተት ነው!» አለ። «ፈረንጅዋ አስገደፈችን!»

ዳሱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። አንዳንዱ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ ሊያስመልስ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ከዚያ ድስት የሚቀምስ ጠፋ፤ ውሃ እንኳን ከእጃችን አንቀበል አሉ። ሴትዮዋ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ዳሱ ግድግዳ ዞረች። በዚያ ሁኔታ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ እንደማትቆይ ለማንም ግልጽ ነበር።

እሜቴ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ጌታው ከብረት ሥራው እጃቸው ጠቁሮ መጡና ነገሩን ሰሙ።

«የሚፈታት ቄስ ከሆነ ቄስ እጠራለሁ» አሉ እሜቴ።

«ጦም አያድንም ብዬ ባለፈው እሑድ አስተምሬያለሁ» አሉ ጌታው። «አንቺ ቄስ ደጅ ሄደሽ ጦም ፍታ ብለሽ ከለመንሽ በሚመጣው እሑድ ማን ይሰማኛል?»

«በሚመጣው እሑድ እሷ ከኖረች እሷ ትሰማሃለች።»

ጌታው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። እኔና እሜቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን።

ቅዳሴው እስኪያበቃ ከቅጥሩ ውጭ ቆመን ጠበቅን። የደብሩ ቄስ አጭር፣ ወፍራም፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ፈረንጆቹን ግን አይወዱም፤ በመንገድ ሲያገኟቸው ያማትባሉ። እሜቴን ሲያዩ አሁንም አማተቡ።

«ማርያምን አትወድም የሚሏት ይህች ናት?» አሉኝ።

«ሰው ያወራል እንጂ አባቴ፣ ክፉ ሴት አይደሉም።»

እሜቴ እኔን ሳይጠብቁ በተሰባበረ አማርኛ፣ «አባ፣ ጦም ይፍቱልኝ» አሉ።

ቄሱ ሳቁ። «ለአንቺ ነው? አንቺን ማን አስሮሽ ነው የምፈታሽ!»

ነገሩን እኔ አስረዳሁ። ሳቃቸውን አቁመው ሰሙኝ። ወተት በድስቱ መቀላቀሉን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ በትራቸውን መሬት መቱ።

«የተራበን ሰው በስርቆት አስገደፍሽ? ተርቦም ጦሙን ያልጣለውን?»

ይህን ስተረጉምላቸው እሜቴ አንገታቸውን ደፉ። «አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ቄሱ ወደ ቅጥሩ ዞረው፣ «ቀድመሽ ሂጂ፤ መስቀሌን ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ድስቱ ሄዱ። «ይህ ሸክላ ወተት ጠጥቷል፤ ቢያጥቡት አይነጻም» አሉ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ሌላ ድስት አልነበረንም። እሜቴ ግን ድንጋይ አንሥተው በሰዉ ፊት ሰበሩት። ከዚያ ወደ ዳሱ ዞረው፣ «ሳልነግራችሁ አድርጌአለሁ። ይቅር በሉኝ» አሉ። አንዲት አሮጊት ስባሪውን ሰው እንዳይወጋ ብላ መልቀም ጀመረች፤ እሜቴም አጠገቧ ቁጢጥ ብለው አብረዋት ለቀሙ።

ቄሱ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጡ።

«የንስሐ አባትሽ ማን ነው?»

ነገረቻቸው።

«የሰው የንስሐ ልጅ መፍታት አይገባኝም» አሉ። ቀጠሉም፦ «ስለዚህ ዛሬ የእኔ ልጅ ትሆኛለሽ። እሱ በሕይወት ከተገኘ መርቄ እመልስሽለታለሁ። እሺ?»

«እሺ አባቴ። ጦሙስ? ሜዳ ላይ ይቅር?»

«ሜዳ ላይማ አይቀርም። ሌላ ሰው ይጦምልሻል። ዘመድ አለሽ?»

ሴትዮዋ ዙሪያዋን አየች። ዘመድ አልነበራትም። በዳሱ ያለው ሁሉ የራሱን ጦም ይዟል።

እሜቴ ስባሪ እንደያዙ፣ «እኔ» አሉ።

ቄሱ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ቀኑ እስኪያዘነብል እህልም ውሃም የለም። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እስከ ትንሣኤ የለም። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ቄሱ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «ይህችን ትቀበያለሽ?» አሏት። ሴትዮዋ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። በመስቀላቸው ባረኳትና አዲስ የታለበ ወተት ያለበትን ቅል በገዛ እጃቸው ሰጧት። እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ጋረድኳት፤ ተሸፍና ጠጣች።

ማታ ጌታው ማዕድ ላይ የሚስታቸውን ሳህን አዩ። ሽምብራ ቆሎ ነው ያለበት። ቅቤውን ከፊታቸው አንሥተው ወደ ዳር አደረጉት።

ከጎረቤት ድስት ተዋስን፤ ሰዉም ቀስ በቀስ መብላት ጀመረ። የሴትዮዋ ሆድ ረጋ። ልጁም ድምፁ ተመለሰ፤ ሲያለቅስ ከላይ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ከሆሳዕና በፊት ልጇን አዝላ ኮረብታውን በእግሯ ወጣችና ከእሜቴ ጋር ገብስ ታበጥር ጀመር።

የጦሙን መፍቻ ሰዓት የምናውቀው የቤቱ ጥላ ከበሩ ደፍ ሲወጣ ነበር። አንድ ቀን እሜቴ በጣም ደከማቸው። ጦሙን ያልለመደ ሰው ናቸው፤ ከስተው ነበር። ወደ ሰማይ አንጋጠው አዩና ቂጣ ካለበት መሶብ እጃቸውን ሰደዱ። ሴትዮዋ ሰፌዷን ጣለች።

«እሜቴ! ጥላው እኮ ገና ከደፍ አልወጣም!»

«ወጥቷል» አሉ እሜቴ።

«አልወጣም! እዩት እስቲ! የእኔ ጦም እኮ ነው፤ እንዳያፈርሱብኝ!»

እሜቴ ጥላውን ጎንበስ ብለው አዩ። መሶቡን ከደኑና የሴትዮዋን ልጅ ተቀብለው ታቀፉት፤ ጥላው ከደፉ እስኪወጣም ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ።