ለእናቱ የፈረመበት የመጀመሪያ እትም

ስንት ዓመት ዲቪ ሞላሁ፤ አሜሪካ አንድም ቀን አልጠራችኝም። ታናሽ ወንድሜ ገና በመጀመሪያ ሙከራው ደረሰውና ሄደ። እኔ በሱዳን ዞሬ ለንደን ገባሁ፣ እዚሁ ቀረሁ። ሰዎች «ምነው የአሜሪካ ልብ ወለድ ብቻ ትሰበስባለህ?» ሲሉኝ «እኔን ካላስገቡኝ እኔ እነሱን ቤቴ አስገባቸዋለሁ» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

የምሰበስበው ዝም ብሎ አሮጌ መጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያ እትም መሆን አለበት፤ የወረቀት ልባሱ ያልተቀደደ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደራሲው ራሱ በእጁ ለአንድ ሰው ብሎ የጻፈበት። ስሙን ብቻ የፈረመበት ሞልቷል። «ለእገሌ፣ ያን ክረምት አብረን ስላሳለፍን» የሚል ሲገኝበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ስጦታ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ስጦታ የሚሰጠኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል የሰው ስጦታ የምገዛው። ሥራዬ ታክሲ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሂትሮው አየር ማረፊያ፣ ከሂትሮው ቤቱ አደርሳለሁ። የማገኘው ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሚስትህ ጥላህ የሄደችው በዚህ ነው የሚሉኝም አሉ። ይበሉ።

እናቴ አዲስ አበባ ነበረች። እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ።

«ዛሬስ ምን ገዛህ?»

«መጽሐፍ።»

«ያለፈውን አንብበህ ጨረስከው?»

«አይነበብም እማዬ፤ ይቀመጣል እንጂ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል? የኔ ጅል!» ብላ ትስቅብኛለች።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ሳቋን ታቆምና ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች። «አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ፤ የበኩር ልጄ ነህ። በል ማልልኝ።» እምልላታለሁ። እስከ ዛሬ ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። አሁንም ቢሆን እንደዚያ መሐላ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

ማክሰኞ ሞተች። እኔ አልሰማሁም። ልብ በሉልኝ፣ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ሁሉ ሳደርግ እናቴ ሞታለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካምደን ያለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ደወለልኝ። ብዙ የጠበቅኩት መጽሐፍ መጥቶ ነበር። በሬ ወለደ እንዳይሆን ብዬ መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። ደራሲው የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ለገዛ እናቱ ሲልክላት የጻፈበት ነው። በሰማያዊ ቀለም፣ በተንጋደደ ጽሕፈት «ለእናቴ። አትወጂው ይሆናል። ቢሆንም የመጀመሪያው ያንቺ ነው» ይላል። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። የከፈልኩትን አልናገርም፤ ያሳፍራል።

አመሻሹ ላይ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። አንዱ ፓርክ ሮያል መጋዘን የሚሠራ የስደት ጓደኛዬ ነው፤ ሌላዋ እህቴ የምላት ጎረቤቴ። ሳልጠራቸው መምጣታቸው ገረመኝ። «እንዲያው ልናይህ ብለን ነው» አሉ። ለካ መርዶው በሌላ ሰው በኩል ደርሶኝ እንደሆነ ቼክ ሊያደርጉ ነው! እኔ ሞኙ መጽሐፉን አወጣሁላቸው። መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ ብዬ አስታጠብኳቸው። ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብላቸው፣ ገና «ለእናቴ» ከማለቴ ጎረቤቴ ብድግ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች።

«አይዞሽ፣ ሎሚ በሙቅ ውኃ ጠጪበት» አልኳት።

ጓደኛዬ መጽሐፉን እያገላበጠ «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ! እናቴ ሬሳ ማቆያ ተኝታ!

እነሱን ሸኝቼ ለወንድሜ በዋትሳፕ ደወልኩና ስለ መጽሐፉ አወራሁለት፤ ከዚያ ሥራ ገባሁ። አንድ ቤተሰብ ከነሻንጣው ሂትሮው አደረስኩ። የሚሄዱት አዲስ አበባ ነበር። ሻንጣቸውን አውርጄ «ሰላም ግቡ፣ አገሬን ሳሙልኝ» ብዬ ተመለስኩ። እነሱ በሄዱበት በረራ ብሳፈር ኖሮ ሐሙስ ጠዋት ቀብሯ ላይ እደርስ ነበር። ቦታ ጠፋ እንኳ ቢሉኝ ቆሜ እሄድ ነበር።

እሁድ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። አበሻ በዚያ ሰዓት በር ሲያንኳኳ ለምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ከፊት ቄሱ፣ ከኋላቸው ጓደኛዬ፣ ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሌሎችም ደረጃውን ሞልተውታል።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«አይዞህ ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ ቄሱ።

«ቀብሩ መቼ ነው?» ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው። ቀብሩ መቼ ነው?»

«ሐሙስ ተፈጸመ ልጄ። ብቻህን ነህ፣ መኪናም ትነዳለህ። ክፉ እንዳያገኝህ ብለን ነው ሰው ሥራ የማይገባበትን ቀን የጠበቅነው።»

ያለቀስኩ መስሏቸው ግራ ቀኝ ያዙኝ። አላለቀስኩም፤ ተሳደብኩ። ቄስ ፊት ቆሜ ተሳደብኩ። «ለእኔ አዝናችሁ እናቴን ነጠቃችሁኝ!» አልኳቸው። «ተው እንጂ፣ ለአንተው ታስቦ ነው» አሉኝ። ለእኔው ታስቦ! ለለቀስተኛው ቦታ እንዲሰፋ መደርደሪያዬን ከሳሎን እየገፉ ወደ መኝታ ቤት ሲያስገቡት መጽሐፎቹ መሬት ወደቁ። የአንዱ ልባስ ሲቀደድ ሰማሁት። ግድም አልሰጠኝ።

ቀብሩ እስከ ሐሙስ የቆየው ወንድሜ ከአሜሪካ እስኪደርስ ነበር። ለእሱ ወዲያው ተነግሮታል፤ ሚስት አለው፣ ደጋፊ አለው። ረቡዕ ጠዋት አዲስ አበባ ገባ። እናቴን አፈር ያለበሳት እሱ ነው።

ሰው ሲበተንልኝ ደወልኩለት። ሰላምም አላልኩት።

«አንተ እንኳ!» ብዬ ጮህኩበት። «ረቡዕ ማታ ስደውልልህ አንስተህ የለ? አሜሪካ ያለህ መስሎኝ ስለ መጽሐፌ ስለፈልፍ፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለህ አዳመጥከኝ! ቀብሩ በማግስቱ! ምናለ አንዲት ቃል ብትነግረኝ?»

ከሰው መሃል ተነስቶ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

«እዚህ ያሉት የሰፈር ሽማግሌዎች እንዳትነግረው ብለውኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ግን አልዋጥ አለኝ። ስልኩን ያነሳሁት ልነግርህ ነው። አንተ ስለ ልባሱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ሰውዬው ለእናቱ ስለጻፈላት ታወራለህ። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም፤ እንዴት አድርጌ ላቋርጥህ? እስክትጨርስ ጠበቅኩህ። አንድ ጊዜ ‹እማዬ እንዴት ናት?› ብትለኝ እነግርህ ነበር። ሳትጠይቀኝ ዘጋኸው።»