እናትየዋ መርካቶ ላይ የተናገረችው

ሰሞኑን ጎጃም በረንዳ ሳልፍ አንድ ነጋዴ የአቡጀዲ ጣቃ ሲተረትር ያ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እትዬ ዘይነባ ድቅን አሉብኝ። ሥራዬን የሚያውቅ ይህ አይገርመውም። የጃፓን የሮቦት ካርቱኖች ሲሠሩ የነበረውን ጣጣ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከጻፉት ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ከእኔ የተሻለ የሚተረጉም ካለ ይምጣ። የተማርኩት እትዬ ዘይነባ ጓዳ ነው።

የወሎ ሴት ናቸው። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርተው ሲመለሱ ቴሌቪዥን፣ ዴክና ዐረብኛ የሚናገሩ የሮቦት ፊልሞች ይዘው መጡ። መርካቶ ሱቅ ከፍተው ከፊት ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደግሞ እኛ የሰፈር ልጆች ጓዳቸው ገብተን የጨርቅ ቦንዳ ላይ ተኮልኩለን እናያለን። እሳቸው የእንጨት ሜትራቸውን እንደያዙ ቆመው ይተረጉማሉ። ያልገባቸው ቦታ ሲደርሱ ሜትሩን ከፍ አድርገው «ይቺን አልሰማኋትም» ይሉና ያልፋሉ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። አስተርጓሚው አንዲት ቃል ዐረብኛ ሳያውቅ አፉ አያርፍም፤ ሮቦቱን አትክልት ተራ ወስዶ የሽንኩርት ዋጋ ያከራክረዋል። ልጁ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ፤ ሳቃቸው እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።

በመጨረሻው ካሴት ላይ የሮቦቱ ነጂ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ማንም ወዳልተመለሰበት ጦርነት ይሄዳል። እናቱ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ቆማ የሆነ ነገር ትለዋለች። የእትዬ ዘይነባ ሜትር ከፍ አለ። ወደኋላ መልሰው ደጋግመው ሰሙት፤ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው፣ ጅዳ ማድ ቤት የለመዱት አልደረሰበትም። የማዶው አስተርጓሚ «ልጄ፣ ፍጃቸው» ትላለች ብሎ ተርጉሞታል እያሉ ከቀሩት ልጆች እኩሌታው ተነሥተው ሄዱ። ወንድማቸው ጀማል ተናደደ። ቤቱ ባዶ ሊቀር ነው፣ ትንሽ ቢጨምሩበት ምን አለ፣ ማን ያውቅባቸዋል አላቸው።

«የሰው እናት ናት፣ ጀማል። ያላለችውን አፏ ውስጥ አልጨምርም።»

ዴኩን አጠፉ። ድምፁን በቴፕ ቀድተው፣ እኔን አስከትለው፣ ሰፈራችን ቁርአን ወደሚያቀሩ አንድ አዛውንት ሼህ ሄዱ። ሼሁ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አልሰናበትህም፤ ስትመለስ እዚሁ በር ላይ ታገኘኛለህ ነው የምትለው» አሉ።

ከዚያ ልጁ የማን እንደሆነ፣ ተመልሶም እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ ዘይነባ ካርቱን ነው ማለት አፍረው፣ ገና ነው አሉ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ እኛም አሚን አልን። ወላሂ፣ ለሮቦት ነጂ!

በማግስቱ ፊልሙ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሜትሩ አልተነሣም። ቃሉን ሲነግሩን አንዱ ከማዶ የተመለሰ ዱርዬ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ለሳቅ ማዶ ቢሄዱም፣ እውነቱን ለመስማት እኛ ጋ ይመጡ ነበር።

ጎጃም በረንዳ ያለፍኩ ዕለት ሥራዬን ጥዬ የወጣሁት ተበሳጭቼ ነው። የምተረጉመው ያንን ካርቱን ከሳሉት የአንዱ ሽማግሌ ሠዓሊ ትዝታ እዚያችው እናት ላይ አድርሶኝ ነበር። የሚያለቅስ ፊት ለመሳል ጊዜ ስላጠራቸው ከጀርባዋ ሳሏት፤ ቃልም አልጻፉላትም። ዝም ብላ ነው የምትቆመው። ቃሉን የጨመሩላት ወደ ዐረብኛ የመለሱት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። እትዬ ዘይነባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያን ያህል የደከሙት ሌላ ሰው ለጨመረው ቃል መሆኑ አንጀቴን በላው።

የአቡጀዲው ሽታ ግን ልቤን መለሰልኝ። ቤት ገብቼ «ምንም አላለችም» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ የሚለው እሱን ነው፤ እሳቸውም ቢኖሩ ሌላ አያስጽፉኝም። ከግርጌ፣ በተርጓሚዋ ማስታወሻ፣ አንድ መስመር አከልኩ፦

«መርካቶ ላይ ግን ተናግራለች፤ እኛም አሚን ብለናል።»