ያልተጠረገው ግቢ

እትዬ በረኪና የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሹመት ተቀበሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲሠሩ፣ ከእጃቸው በወጣ አንሶላ ላይ እድፍ አገኘሁ ያለ ነርስ የለም። የለም ስል የለም። ጡረታ ሲወጡ ታዲያ ነገሩ ባሰ። የቤታቸው ወለል ከመወልወሉ ብዛት እንግዳ ያዳልጥ ነበር። የአንድያ ልጃቸው ሚስት ደግሞ፣ ዕድል አይሉት ቅጣት፣ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ፣ ጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ ሴት ሆነችባቸው። ለጎረቤት "ልጄን ጭቃ ውስጥ ጣለችው" እያሉ ያወራሉ፤ ፊት ለፊት ግን "ልጄ፣ እጅሽን ታጠብሽ?" ብቻ ነው የሚሏት።

ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አሮጌ አዳራሽ የፈረሰበት ባዶ ቦታ ነበር። ፍርስራሽ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ወላጅ አልባ ጫማ፣ ምን ያልነበረ አለ? የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ፋርማሲ ያላቸው ቁጥብ ሰው፣ አስፋልት ተነጥፎበት የመኪና ማቆሚያ ይሁን አሉ። ቄሱ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። በዚያ ሰፈር ፍራፍሬ የሚገዛው ለታማሚ መጠየቂያ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ አቮካዶና ማንጎ፣ ከሥሩ ፓፓያና ሎሚ፣ ከዚያም ታች ጎመንና ዱባ የሚበቅልበት፣ ሰፈርተኛው ገብቶ የሚቀጥፈው፣ የሚበላ ደን ይሁን አሉ። ውኃውንና ችግኙን ቤተ ክርስቲያኑ ይችላል፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ማነው? ብለው ከአገልግሎት በኋላ ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። እትዬ በረኪና ሳያስቡት ብድግ አሉና "እኔ አለሁ" አሉ። ሰብሳቢውም ሁለት ዓመት ሰጡ፤ በሁለት ዓመት ካልሆነ ችግኙ ተነቅሎ አስፋልቱ ይነጠፋል። ይህን ሕዝብ ሁሉ ሰምቷል፤ እንግዲህ መመለሻ የለም።

ፍርስራሹን ማንሳት ብቻ አራት ወር ፈጀ። ሃያ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ጉልበታቸውን እያሹ የሚነሱ ጡረተኞች። ስልሳ ችግኝ ተተከለ። ከዚያ በየማለዳው መጥረግ ሆነ። አንዲት ቅጠል ዱብ ካለች ትለቀማለች፤ የተለቀመው ተከምሮ ይቃጠላል። የእግዚአብሔር ቤት ጓሮ አይደል እንዴ? መሬቱ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ለጥ አለ። ያየ ሁሉ አደነቀ፤ የእትዬ በረኪናም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

በጋው ሲገባ ጉድ ፈላ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ውኃ ሲያጠጡት ሲሚንቶ ላይ እንደፈሰሰ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ፓፓያዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ሰባት ችግኝ ዓይናቸው እያየ ደረቀ። እትዬ በረኪና መጀመሪያ ችግኙን ሰደቡ፣ ቀጥለው ውኃውን፣ በመጨረሻ የሰው ዓይን ነው አሉ። ሰብሳቢው አንድ ቀን ሜትር የያዘ ሰው አምጥተው ቦታውን አስለኩ። ይሄን ጊዜ እትዬ በረኪና ክው አሉ።

ሞት ሞት እያላቸው ምራታቸውን ጠሩ። መጣች፤ ተንበረከከች፤ መሬቱን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አቧራውን አሳየቻቸው።

"እማማ፣ የገደለው መጥረጊያው ነው" አለች። "አፈሩን ራቁቱን ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። የሚወድቀው ቅጠል እኮ ልብሱ ነው፤ እየገፈፉ ሲያቃጥሉበት ምን ይሁን?"

ደማቸው ፈላ። ዝርክርክነቷን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ልታመጣብኝ ነው ብለው ሦስት ሳምንት አኮረፏት። እሷም የዋዛ አልነበረችም፤ ከመሄዷ በፊት የአንዲትን ሎሚ ሥር በደረቅ ቅጠል ሸፍና፣ ይህችን ብቻ እንዳይነኩብኝ ብላ ነበር። እትዬ በረኪና በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር እጃቸውን ይበላቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ዞር ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና እጃቸውን ከቅጠሉ ሥር ሰደዱ። እርጥብ ነው። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፈር። አጠገቧ ያለችው ሎሚ ግን ደርቃ ቀርታለች። እዚያው ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ያጸዱ መስሏቸው በገዛ እጃቸው ሲገድሉት ከርመዋል። አለቀሱ፤ ምን ይደበቃል? ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ምራታቸው ቤት ሄዱና አንቺ ልክ ነሽ፣ አሳዪኝ አሏት። ያንን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ስልሳውን ጉድጓድ ከመቆፈር የበለጠ ጉልበት ጠይቋቸዋል።

ከዚያማ መጥረጊያ የሚባል ነገር ተከለከለ። በጎ ፈቃደኞቹ እርጅና ተጫናቸው ብለው በሹክሹክታ አሟቸው። እትዬ በረኪና ጆንያ ይዘው ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር፤ ቅጠል፣ የታጨደ ሣር፣ የድንችና የሙዝ ልጣጭ ስጡኝ እያሉ። ደጁን ያልጠረገ ጎረቤት ሲቆጡ የኖሩ ሴትዮ ጥራጊ ሲለምኑ ማን ይስቃል እንዳትሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። አንዷማ "እትዬ፣ በረኪናው አለቀ እንዴ?" አለቻቸው። ዋጥ አድርገው ጆንያውን ዘረጉላት። የደረቁትን ተክተው ከምራታቸው ጋር ጎን ለጎን ተንበርክከው ሠሩ። የእሳቸውም ጥፍር ጠቆረ።

ሁለት ዓመቱ ሞላ፣ ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። በጎ ፈቃደኞቹ ለዛሬ ብቻ፣ ለሰው ዓይን፣ እንጥረገው ብለው ለመኗቸው። አሻፈረኝ አሉ። ሰብሳቢው ገብተው እስከ ቁርጭምጭሚት የደረሰውን ቅጠል፣ ልጣጭና ገለባ አዩ።

"ይህ ግቢ ቆሻሻ ነው" አሉ። "ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ምራትየዋ አፏን ልትከፍት ስትል እትዬ በረኪና ክንዷን ያዝ አደረጉ። ያንን ቃል በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም፤ የእሳቸውን ሥራ በዚያ ስም የጠራ ሰው አልተፈጠረም ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ አፋቸውን ሞልተው። "ምራቴ አስተማረችኝ፣ እኔ አደረግሁት።"

ሰብሳቢው ቅጠሉን በጫማቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር አንስተው ጨበጡት። ውኃ የቋጠረ ነው፣ በዚያ በጋ። ቀና ሲሉ አንዲት ጎረቤት ሁለት ፓፓያ ታቅፋ፣ ሌላው ዘንቢሉን ጎመን ሞልቶ ሲወጡ አዩ። ታማሚ የሚጠይቁ አልነበሩም፤ ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት። ቦታው ለደኑ ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ ሲባል ቀድመው ያወጡት ሰብሳቢው ነበሩ።

ሌላው ሰው ሲበታተን ሰብሳቢው ወደ ኋላ ቀሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እትዬ፣ ካላስቸገርንዎት" አሉ ቀስ ብለው፣ "የፊት ለፊቱንም ግቢ እንዲሁ ያቆሽሹልን።"